ስለ ኮረንቲ ንዝረትና ስለ ምድር ሽቦ



የዛሬው ንግግር ስለ አንድ ትንሽ ንዝረት ነው። በጅጋ ከተማ ወይም በዙሪያዋ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት አንድ መምህር የተማሪዎቹን ውጤት ሊመዘግብ ላፕቶፑን በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ቻርጀሩን በሶኬት ቢሰካ፥ የላፕቶፑም ልባስ ብረት የሆነ እንደ ሆነ፥ ጣቱን በላዩ ቀስ አድርጎ ሲያስኬድ እንደ ጉንዳን የሚሄድ፥ አንዳንዴም ቀጠን አድርጎ የሚቆነጥጥ ነገር ይሰማዋል። ቻርጀሩን ሲነቅለው ይጠፋል፤ መልሶ ሲሰካው ይመለሳል። ባልንጀራው መጥቶ ቢነካው ምንም አልተሰማኝም ይላል። ከዚያም ክርክር ይነሣል፤ አንዱ ዕቃው ተበላሽቷል ይላል፤ ሁለተኛው ዕቃው ርካሽ ስለ ሆነ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ግን ይህ ምንም አይደለም፥ ይለመዳል ይላል። ከሦስቱም ንግግር ይልቅ የሚጎዳው የሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱም ወደ ፊት ይገለጣል።

አስቀድሞ ስለ ኮረንቲ መንገድ መናገር ያስፈልጋል። ጎጃም የዓባይን ውኃ ለመብራት የሚሰጥ አገር ነው። የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ጣቢያ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የጣና በለስ ጣቢያ በ2002 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከእነዚህ ስፍራዎች የሚወጣው ኃይል በብዙ ሺሕ ቮልት ሆኖ በረጅሙ ሽቦ ይመጣና በየከተማው ምሰሶ ላይ በተሰቀለው ትራንስፎርመር ወደ 220 ቮልት ወርዶ ወደ ቤት ይገባል። ወደ ቤት ከሚገቡት ሁለት ሽቦዎች አንዱ ኃይሉን የተሸከመው ነው፤ ባለሙያዎች ፌዝ ይሉታል። ሁለተኛው መመለሻው ነው፤ ኒውትራል ይሉታል። ኮረንቲም በሰኮንድ 50 ጊዜ እየተመላለሰ በእነዚህ ሁለት ሽቦዎች መካከል ሥራውን ይሠራል።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ከትራንስፎርመሩ የኒውትራሉ ጫፍ በሽቦ ወርዶ ከምድር ጋር የታሰረ ነው። ስለዚህ ምድር ራስዋ የኮረንቲ መመለሻ መንገድ ሆናለች ማለት ነው። ፌዙን የነካ ሰው ሌላ ሽቦ ባይነካ እንኳ፥ ባዶ እግሩን በእርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ከሆነ፥ ኮረንቲው በእርሱ አካል በኩል ወደ ምድር፥ በምድርም በኩል ወደ ትራንስፎርመሩ ይመለሳል። ወፍ በሽቦ ላይ ዐርፋ የማትሞተው ግን ሁለቱም እግሮችዋ በአንዱ ሽቦ ላይ ስለ ሆኑና ምድርን ስለማትነካ ነው።

መምህሩ የተሰማው ንዝረት ለባልንጀራው ያልተሰማውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኮንጎ ጫማ ያደረገ ሰው እግሩ ከመሬት በፕላስቲክ የተለየ ነው። ባዶ እግሩን በጭቃ ወለል ላይ የቆመ ወይም ክንዱን በብረት መስኮት ላይ ያስደገፈ ሰው ግን ለኮረንቲው መንገድ ከፍቶለታል። አንዱን ሲነዝር ሌላውን ሲተው ያየ ሰው ነገሩን ወደ ዛርና ወደ ዐይነ ጥላ እንዳያመጣው ይህ ይነገረው።

እንግዲህ ላፕቶፑ የሚሠራው በ20 ቮልት ገደማ በሆነ ኃይል ነው፤ ይህም ማንንም አይነዝርም። ታዲያ የብረት ልባሱ ላይ የወጣው ከወዴት መጣ? በቻርጀሩ ውስጥ የ220 ቮልቱን ወገን ከላፕቶፑ ወገን የሚለይ ክልል አለ። ቻርጀሩ ኮረንቲውን እጅግ በፍጥነት እየቆራረጠ ስለሚሠራ፥ ያ መቆራረጥ ሬድዮንና ሌላውን መሣሪያ እንዳያውክ ሲባል በዚያ ክልል ላይ ካፓሲተር የተባለ ትንሽ ዕቃ ሆን ተብሎ ይገጠማል። በእርሱም በኩል እጅግ ጥቂት ኮረንቲ ወደ ብረቱ ይሾልካል። ይህ የአሠራር ጉድለት አይደለም፤ ውድ በሆነውም ዕቃ ዘንድ አለ። አንድ ሰው መልቲሜትር ይዞ በብረቱና በምድር መካከል ቢለካ መቶ ቮልት ያህል ሊያነብ ይችላል። በዚህ አይደንግጥ። ከረጅም ገደል ጠብ የምትል አንዲት ጠብታ ከፍታዋ ብዙ ነው፥ ውኃዋ ግን ጥቂት ነው፤ ወፍጮ አታዞርም። የሾለከውም ኮረንቲ እንዲሁ ግፊቱ ትልቅ፥ ብዛቱ ግን ጥቂት ነው።

ሰውን የሚጎዳው ብዛቱ ነውና መጠኑን ማወቅ ይገባል። ኮረንቲ የሚለካው በአምፔር ነው፤ የአምፔር አንድ ሺሕኛ ሚሊአምፔር ይባላል። ግማሽ ሚሊአምፔር ያህል በሰው አካል ሲያልፍ መሰማት ይጀምራል። 10 ሚሊአምፔር ገደማ ሲደርስ ጡንቻ ይኮማተርና የያዘውን መልቀቅ ያቅታል፤ ባገራችን ኮረንቲ ያዘው የሚባለው በእውነት መያዝ ስለ ሆነ ነው። ከ30 ሚሊአምፔር በላይ ሆኖ ጥቂት የቆየ እንደ ሆነ እስትንፋስን ሊያግድ የልብንም ምት ሊያፋልስ ይችላል። ሁለት እግር ብቻ ካለው ደኅና ቻርጀር የሚሾልከው ከግማሽ ሚሊአምፔር በታች እንዲሆን ተወስኖ የተሠራ ነው።

ከመሰሚያው መጠን በታች የሆነ ነገር እንዴት ተሰማ የሚል ጠያቂ ይኖር ይሆናል፤ ጥያቄውም የሚገባ ነው። ማሊንክሮት የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት አንድ የነሐስ አምፑል መያዣ መብራቱ ሲበራ ለጣቱ እንደ ወትሮው ልሙጥ እንዳልሆነለት አስተዋለ። ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር መርምሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. ምክንያቱን ጻፈ። የሚመላለሰው ኃይል ደረቅ ቆዳን ወደ ብረቱ እየሳበ እየለቀቀ ስለሚያንቀጠቅጠው ነው እንጂ ኮረንቲው ነርቭን መትቶ አይደለም። ስለዚህ ነው ጣት ቀስ ብሎ ሲሄድ የሚነዝረው፥ መላ እጅ ተጭኖ ሲቀመጥ የሚጠፋው። መቆንጠጡ ግን ሌላ ነው፤ በስስ ቆዳ፥ ለምሳሌ በክንድ ውስጠኛው ወገን፥ በጠባብ ስፍራ የሚያልፈው ጥቂቱ ኮረንቲ ነው።

እስካሁን የተነገረው የሚያጽናና ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን አይደለም።

ይህ ሹልክታ የሚሰማው ብረቱ ወደ ምድር የሚሄድበት ሌላ መንገድ ስላጣ ነው። የብረት ልባስ ያለው አብዛኛው መሣሪያ ሦስተኛ ሽቦ ሊኖረው ይገባል፤ እርሱም አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው የምድር ሽቦ ነው። በብዙ ግድግዳ ላይ ያለው ክብ ሶኬት፥ በላይና በታች ሁለት የብረት ልሳን ያለው፥ አልበርት ቢትነር የተባለ ጀርመናዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም. ያቀደው ነው። እነዚያ ልሳኖች ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም፤ መሰኪያው ገና ሲገባ ሁለቱ እግሮች ኃይሉን ሳይነኩ አስቀድሞ ብረቱን ከምድር ጋር ያገናኛሉ። የምድር መንገድ ባለው ሶኬት የተሰካ ላፕቶፕ፥ ገመዱ ሦስተኛውን ሽቦ የያዘ እንደ ሆነ፥ ፈጽሞ አይነዝርም። ብዙዎቹ የአፕል ቻርጀሮች አጭር መሰኪያና ረጅም ገመድ ነበራቸው፤ በአጭሩ ሲሰካ ይነዝር የነበረው፥ የምድር ሽቦ በያዘው ረጅም ገመድ ሲሰካ ዝም ይላል።

እንግዲህ ሦስተኛው ሽቦ በገመዱ እያለ ላፕቶፑ የሚነዝር እንደ ሆነ፥ ስለ ላፕቶፑ ሳይሆን ስለ ቤቱ እየተናገረ ነው፤ በዚህ ቤት የምድር ሽቦ የለም ይላል። በገጠር ብዙ ቤት የተሠራው ሁለት ሽቦ ብቻ ተስቦ ነው። ከጎረቤት ቆጣሪ በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ተስቦ የመጣ መብራትም ሦስተኛ ሽቦ ይዞ የሚመጣበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። የግድግዳው ሶኬት ሁለቱ ልሳኖች አሉት፤ ከበስተኋላቸው ግን ምንም አልታሰረም። ላዩን ያየ ሰው ሁሉ የተሟላ ይመስለዋል፤ ከጎደለው ይልቅ የሚያሳስተው ይህ ነው።

ይህ ጉድለት በአንድ ላፕቶፕ ዘንድ ንዝረት ብቻ ነው። በትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ትላልቆቹ ኮምፒዩተሮች ሣጥናቸው ብረት ነው፤ ከምድር ጋር ይታሰራሉ ተብለው ስለ ተሠሩም ሹልክታቸው ከላፕቶፕ ይበልጣል። ሃያ ኮምፒዩተሮች በተቀጣጠሉ ዲቫይደሮች በአንድ ሶኬት ላይ ቢሰኩ፥ የሁሉም የምድር ሽቦ በዲቫይደሮቹ ውስጥ እርስ በርሱ ይገናኛል፤ ከምድር ጋር ግን አይገናኝም። ከእያንዳንዱ ግማሽ ሚሊአምፔር ብቻ ቢሾልክ፥ የሃያው ተደምሮ 10 ሚሊአምፔር ይሆናል። አንድ ተማሪ በአንዱ ኮምፒዩተር ብረት ላይ እጁን አኑሮ በሌላው እጁ የብረት መስኮቱን ቢይዝ፥ የሃያው ሁሉ ሹልክታ በእርሱ ደረት ያልፋል። ከዚህም የሚከፋ አለ። ከሃያው በአንዱ ውስጥ ፌዙ ተላልጦ ሣጥኑን የነካ እንደ ሆነ፥ የምድር ሽቦዎቹ ስለ ተያያዙ ሃያውም ሣጥን በአንድ ጊዜ 220 ቮልት ይሸከማል። ደኅናው ዕቃ ከታመመው ጋር እኩል ገዳይ ይሆናል። ያ ክፍል ከዚያ በፊት ለወራት ሲነዝር የቆየ ነው፤ ይለመዳል የተባለው ንዝረት ምልክቱ ነበረ።

የኤሌክትሪክ ምጣድም በዚህ ሊታሰብ ይገባል፤ መምህራን በክፍል የሚያስተምሩትን ሽማግሎች በቤታቸው ይመርምሩት። ምጣዱ ዙሪያውና እግሩ ብረት ነው፤ ከሸክላው በታች ያለው የሚግል ሽቦ በዕድሜ ብዛት ይሰበራል፥ ይጎብጣል፥ ሊጥም ይፈስበታል። ጋጋሪዋ እጅዋ በሊጥ የረጠበ ነው፤ ቆማ የምትጋግረውም ብዙ ጊዜ በረጠበ ወለል ላይ ነው። የደረቀ ሰው አካል ለኮረንቲ የሚያቀርበው እንቅፋት በውኃ ጊዜ እጅግ ይቀንሳል፤ ወደ 1,000 ኦም ከወረደ 220 ቮልት 220 ሚሊአምፔር ያሳልፋል፤ ይህም ከላይ ከተጠቀሰው የሞት ወሰን ሰባት እጥፍ ያህል ነው። በብዙ ቤት ምጣዱ ይነዝራል፥ በእንጨት ነክተሽ ክፈቺው ይባላል። እንዲህ የሚባልበት ምጣድ በዚያው ቀን ተነቅሎ ሊሠራ ይገባዋል፤ ምጣድ የካፓሲተር ሹልክታ የለውምና የምጣድ ንዝረት እንደ ላፕቶፕ ንዝረት በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ስለ መድኃኒቱ ሲነገር፥ አስቀድሞ መደረግ የሌለበት ይነገር። አንዳንድ ሠራተኛ ነን ባዮች በሶኬቱ ውስጥ የምድሩን ልሳን ከኒውትራሉ ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኙና ንዝረቱ ጠፋ ይላሉ። በእርግጥ ይጠፋል። ነገር ግን ከምሰሶው የሚመጣው ኒውትራል በነፋስ የተበጠሰ ወይም ፌዝና ኒውትራል በስሕተት የተለዋወጡ እንደ ሆነ፥ የመሣሪያው ልባስ በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። ይህ መድኃኒት ሳይሆን የተደበቀ ወጥመድ ነው። የምድሩን ሽቦ ከቤቱ ቆርቆሮ ጋር ማሰርም እንዲሁ ነው፤ ቆርቆሮ በእንጨት ላይ የተመታ ስለ ሆነ ምድርን አይነካም፤ ኮረንቲውን በጣራው ሁሉ ላይ ከመዘርጋት በቀር ምንም አያደርግም። የውኃ ቧንቧም ዛሬ አብዛኛው ፕላስቲክ ነው።

ደኅናው አሠራር ይህ ነው። በመዳብ የተለበጠ የብረት ዘንግ፥ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ያህል የሆነ፥ ጥላና እርጥበት ባለበት ስፍራ ወደ ምድር ይመታል፤ ከእርሱም ጋር ወፍራም የመዳብ ሽቦ በደንብ ተጠብቆ ይታሰርና ወደ ቆጣሪው ሣጥን ይገባል፤ ከዚያ ወደ እያንዳንዱ ሶኬት ሦስተኛው ሽቦ ይከፋፈላል። አንዱ ዘንግ ካልበቃ ሁለተኛው ከዘንጉ ርዝመት ባላነሰ ርቀት ይጨመራል። አፈሩ ብዙ ይወስናል። የዋልካ መሬት እርጥብ ሲሆን ኮረንቲን ደኅና አድርጎ ይቀበላል፤ በበጋ ግን ይሰነጠቅና ከዘንጉ ይርቃል። ደንጊያማ መሬት ሁልጊዜ ክፉ ነው። ጨውና ከሰል በጉድጓዱ መጨመር የተለመደ ነው፤ ጨው ለጊዜው ይረዳል፤ እንደ ጎጃም ያለ ክረምት ግን አጥቦ ይወስደዋል፥ ብረቱንም ያዝገዋል። በበጋ በዘንጉ ሥር ውኃ ማፍሰስ ይሻላል።

ብዙ ሰው ዘንጉ ከተተከለ ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስለዋል። ሒሳቡ ግን እንዲህ አይልም። የዘንጉ እንቅፋት 100 ኦም ቢሆን፥ ፌዙ የምጣዱን ብረት በነካ ጊዜ ወደ ምድር የሚሄደው ከ2 አምፔር ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነው። የ16 አምፔር ብሬከር ይህን እንደ ተራ ሥራ ቆጥሮ አይቆርጥም፤ ብረቱም ኃይሉን እንደ ተሸከመ ይቀመጣል። ስለዚህ ከዘንጉ ጋር ሌላ ብሬከር ያስፈልጋል፤ ነጋዴዎች አርሲዲ ይሉታል። ይህ መሣሪያ በፌዙ የሄደውንና በኒውትራሉ የተመለሰውን እያመዛዘነ ይጠብቃል፤ ከሄደው 30 ሚሊአምፔር ጎድሎ ካልተመለሰ፥ በሌላ መንገድ፥ ምናልባትም በሰው በኩል፥ ወደ ምድር ሄዷል ማለት ነውና ዐይን ከመጨፈን በፈጠነ ጊዜ ይቆርጣል። ዘንግ ያለ አርሲዲ ጎዶሎ ነው፤ ገንዘብ ከጠፋና ከሁለቱ አንዱን ብቻ መግዛት ከሆነ ግን አርሲዲው ይቅደም። የሁለቱም ዋጋ ተደምሮ ከአንድ ኮምፒዩተር ያንሳል። የወላጅ፥ የተማሪና የመምህር ኅብረት ለኮምፒዩተር ክፍል ገንዘብ ሲያሰባስብ ሽማግሎች ይህን ቢጠይቁ መልካም ነው፤ ኮምፒዩተር ሲመረቅ የሚያጨበጭብ ብዙ ነው፥ ስለ ዘንግ የሚጠይቅ ግን የለም። ከቆጣሪው ወደ ውስጥ ያለው ሽቦ የቤቱ ባለቤት ኃላፊነት ስለ ሆነ፥ የመብራት አገልግሎት መጥቶ ይሠራዋል ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ሥራውንም የተማረ ኤሌክትሪሽያን ይሥራው።

ምርመራውን በተመለከተ፥ ቴስተር የተባለው መብራት ያለው መፍቻ ለዚህ ነገር አይበቃም። በካፓሲተር ሹልክታም ይበራል፥ ሰውን በሚገድለውም ይበራል፤ ሁለቱን አይለይም። ስለዚህ መምህሩ ቻርጀሩን ነቅሎ ንዝረቱ መጥፋቱን ይይ፤ ቻርጀሩን የምድር ሽቦው በእርግጥ በታሰረ ሶኬት ሰክቶ ይሞክር። በዚያ ከጠፋ ጉድለቱ የቤቱ ነው። በደረቀ እጅና በጫማ ሆኖ አጥብቆ ሲመታ፥ ወይም ገመዱ ተላልጦ፥ ቻርጀሩ ተሰንጥቆ፥ ውኃ ገብቶበት ቢገኝ ግን ቻርጀሩ ዳግመኛ አይሰካ። ቤቱ እስኪሠራ ድረስ ላፕቶፑን በቻርጅ አሙልቶ ነቅሎ በባትሪ መሥራት ይቻላል። በሰኔና በሐምሌ መብረቅ በሚበዛበት ጊዜ ግን የምድር ሽቦ ቢኖርም ሁሉም ይነቀል፤ ይህ ዘንግ ለመብረቅ የተሠራ አይደለም።

ሰው ኮረንቲ ሲይዘው ያየ በእጁ አይጎትተው፤ አስቀድሞ ከቆጣሪው ይቁረጥ። ይህ ካልተቻለ በደረቀ ነገር ላይ ቆሞ በደረቀ እንጨት ያላቅቀው። የወደቀው የማይተነፍስ እንደ ሆነ በጀርባው አጋድሞ የደረቱን መካከል በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፥ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪሰረጉድ፥ ሳያቋርጡ መጫን ነው፤ ሌላው ሰው በዚያን ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስድ መኪና ይፈልግ። ነቅቶ ደኅና ነኝ ያለም ቢሆን በዚያው ቀን በሐኪም ይታይ፤ የልብ ምት መታወክ ዘግይቶ ሊታወቅ ይችላልና።

አርሲዲው በተገጠመበት ትምህርት ቤት በላዩ ያለችው የመሞከሪያ ቁልፍ በየወሩ መጀመሪያ ትጫን፤ ወዲያው ካልቆረጠ ተበላሽቷል። የተጫነበት ቀንም በትምህርት ቤቱ መዝገብ ይጻፍ። የዘንጉ እንቅፋት ደግሞ በሐምሌ ሲለካ ሁልጊዜ ደኅና ሆኖ ይገኛል፤ ስለዚህ ኤሌክትሪሽያኑ ለመለካት የሚጠራው መሬቱ ደርቆ በተሰነጠቀበት በመጋቢት ነው።